ኦቲዝም፦ ቅጣት፣ የጀነት መሰላል ወይስ አማና?



በአንድ ቤት ልጅ ይወለዳል። አዛን በጆሮው ይባላል፣ ዐቂቃ ይታረድለታል፣ ስም ይወጣለታል። ዓመት ሞልቶት ሁለተኛውን ሲያጋምስ ግን እናት አንድ ነገር ማስተዋል ትጀምራለች። በስሙ ሲጠሩት ዞር አይልም። የሚፈልገውን በጣቱ አያመለክትም፤ ይልቁንም የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ዕቃው ይስበዋል። ጀምሯቸው የነበሩ ሁለት ሦስት ቃላትም ይጠፉበታል። የጎረቤት ልጆች ሲራወጡ እርሱ የጠርሙስ ክዳኖችን በመስመር ይደረድራል፤ አንዷ ከቦታዋ የተነካች እንደሆነ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል።

ከዚህ በኋላ ዘመድ አዝማድ መናገር ይጀምራል። አንዱ «ጂን ለክፎት ነው» ይላል። ሌላው «የሰው ዓይን ነው» ይላል። አንዷ እናቲቱ ነፍሰ ጡር ሳለች በማታ የፈላ ውኃ ደጅ ደፍታ እንደሆነ ትጠይቃለች። አማቲቱ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ትላለች። በጓዳ ደግሞ «ምን ሠርተው ይሆን?» ይባላል። ከሁሉ የተሻለ ደግ የሚመስለው እንግዳ በበኩሉ «ታድላችኋል! የጀነት መግቢያችሁ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ እነዚህን ንግግሮች አንድ በአንድ መለስ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ስለ እናት ተነግሯል፤ ስለ አባት ተነግሯል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ጂን፣ ስለ ወላጆች አጅርም ተነግሯል። ታዲያ ስለ ልጁ የተናገረው ማን ነው? ዛሬ ልናነሳው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ማን ነው? በእኛስ ላይ ያለው ሐቅ ምንድን ነው?

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ስለ አንድ ነገር ሑክም ከመስጠት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። ኦቲዝም አእምሮ ገና በማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ሲያድግ ከብዙዎቹ የተለየ መንገድ በመያዙ የሚመጣ የዕድገት ሁኔታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንደ ወባ ይዞ የሚለቅም አይደለም፤ ሰውዬው ከልጅነት እስከ ሽምግልና አብሮት ይኖራል። ዓለም በዚህ ስም ያወቀው ሊዮ ካነር የተባሉ የሕፃናት አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ስለተከታተሏቸው 11 ሕፃናት በጻፉ ጊዜ ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ልጆች ግን ከዚያ በፊትም በየአገሩ ነበሩ።

ምልክቶቹ በሁለት ወገን ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው። ንግግር ይዘገያል ወይም ከነጭራሹ አይመጣም፤ የፊት ገጽታን፣ ምልክትንና ቀልድን መረዳት ይከብዳል። ሁለተኛው የተደጋገመ ነገርን መውደድና ለውጥን አለመቻል ነው። ልጁ እጁን ያርገበግባል፣ ይወዛወዛል፣ አንድ ቃል ደጋግሞ ይላል፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ብቻ መሄድ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የስሜት ሕዋሳቱ ከሌላው ሰው ይለያሉ። እኛ ልብ የማንለው የአምፖል ድምፅ ለእርሱ እንደ ወፍጮ ሊሆንበት ይችላል። አዲስ ልብስ ገላውን ሊኮሰኩሰው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ቆስሎ እንኳ ሕመም የማይሰማው ይመስላል።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ዕድሜውን በሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር የሚኖር አለ። የሰማውን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ አለ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚመረቅ፣ ትዳር ይዞ ልጆች የሚያሳድግም አለ። ስለዚህ አንዱን ያየ ሁሉንም አየሁ ሊል አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት ይገምታል። በዚህ ግምት ብናሰላ አንድ ሺህ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ስምንት ያህል አሉ ማለት ነው። እነዚህን ሰዎች በመስጂዳችን፣ በሠርጋችን፣ በዒድ ሜዳችን የማናያቸው ለምን ይሆን? የሉም ብለን ነው ወይስ ከበስተጀርባ ያለው በር ተዘግቶባቸው?

ተወቃሽ ፍለጋ

የሰው ልጅ ያልገባው ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚፈልገው ተወቃሽ ነው። ይህ የእኛ አገር ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሠለጠነ በሚባለው በምዕራቡ ዓለምም ለብዙ ዓመታት «ልባቸው እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ እናቶች» ናቸው ልጆቻቸውን ለኦቲዝም የሚዳርጉት ሲባል ነበር። ብሩኖ ቤትልሃይም የተባሉ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን አስተሳሰብ አስፋፉት። በዚህም ስንት እናት በራሷ ላይ ስትፈርድ ኖረች!

ይህን ክስ ቀድመው ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ሲሆኑ፣ እርሳቸው የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት መጽሐፍ ነገሩ ከእናት ፍቅር ማነስ ሳይሆን ከአካል አፈጣጠር የሚመነጭ መሆኑን ተከራከሩ። በ1977 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በመንታ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ዛሬ ይህ በብዙ ጥናት የጸና ነው። እናት ልጇን ስላላቀፈች ወይም አባት ስለተቆጣ ኦቲዝም አይመጣም።

ተወቃሽ ፍለጋው ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የእንግሊዝ ሐኪም የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ በ2010 በአሳታሚው መጽሔት ተሰርዟል፤ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ሰፊ ጥናቶችም ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ አረጋግጠዋል። ወሬው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል፤ በወሬው የተነሳም ሳይከተቡ ቀርተው በኩፍኝ የሚያዙ ሕፃናት አሉ። ተወቃሽ መፈለግ ንጹሕን ሰው ከማስወቀስ አልፎ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል ማለት ነው።

ቅጣት ነውን?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ንግግር እንመለስ። ልጁ የወላጆቹ ወንጀል ቅጣት ነውን?

በኢስላም አንዱ በሌላው ወንጀል አይጠየቅም። ይህ ቁርኣን ደጋግሞ ያጸናው መሠረት ነው። አባት ሠርቶት ልጅ የሚቀጣበት ሥርዓት የአላህ ፍትሕ አይደለም። ደግሞስ ችግር የቅጣት ምልክት ቢሆን ኖሮ ነቢያት ከሰው ሁሉ በላይ በተቀጡ ነበር። አዩብ (ዐ.ሰ.) በአካላቸውና በቤተሰባቸው ተፈትነዋል። ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው ፈዝዟል። ይህንን የሚያነብ ሙእሚን በጎረቤቱ ልጅ ላይ «ምን ሠርተው ይሆን?» ለማለት አፉ እንዴት ይደፍራል?

በሱረቱ ዐበሰ የተነገረውንም እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቅ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) መጥተው አቋረጧቸው። ነቢዩም ፊታቸውን አጨፈገጉ። አላህ (ሱ.ወ.) በዚያ ሰው ምክንያት ነቢዩን የሚገሥጽ ቁርኣን አወረደ። በዚያ ጉባኤ ሰዎቹ ታላቅ የሚሏቸው ሌሎች ነበሩ፤ በአላህ ሚዛን የከበደው ግን እርሱ ሆነ። ኋላም ኢብን ኡሙ መክቱም የመዲና ሙአዚን ሆነዋል፤ ነቢዩም ከከተማ ሲወጡ በቦታቸው ተክተዋቸዋል። የአካል ጉዳት የአላህ ቁጣ ምልክት ቢሆን ይህ ሁሉ እንዴት ይሆን ነበር?

«ታዲያ ጂንስ?» የሚል ይኖራል። በጂን መኖር እናምናለን። ነገር ግን ጂን አለ ማለት ያልገባን ነገር ሁሉ የጂን ሥራ ነው ማለት አይደለም። ወላጅ በልጁ ላይ ቁርኣን ቢቀራ፣ ዱዓ ቢያደርግ ያማረ ነው፤ ልጁም ሊረጋጋበት ይችላል። ልጅን ማሰር፣ መግረፍ፣ በጭስ ማፈን፣ ማስራብ፣ ጆሮው ከመጠን በላይ የሚሰማ ሕፃን አጠገብ ድምፅ ማጉያ አድርጎ መጮህ ግን ሩቅያ ሳይሆን ግልጽ ዙልም ነው። ልጁ ሲንፈራገጥ «አየኸው፣ ጂኑ ሲቃጠል!» ይባላል። የሚንፈራገጠው ግን ሕፃኑ ራሱ ነው፤ ስላመመው፣ ስለፈራ፣ «ተዉኝ» የሚልበት ቃልም ስለሌለው ነው።

ሌላም ሰበብ አለ። «አላህ መድኃኒቱን ያላወረደለት በሽታ የለም ተብሏል፤ እኔ ጋ መድኃኒቱ አለ» እያሉ ዱቄትና ዘይት የሚሸጡ ሞልተዋል። እውነት ነው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘውናል። ሆኖም ኦቲዝም ከልጁ ላይ ተነቅሎ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ልጁ ዓለምን የሚያይበትና የሚሰማበት መንገድ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የሆድ ሕመም አብሮት ቢኖር ሐኪም ያክመዋል። ንግግር፣ ምግብ፣ ልብስ መልበስ በትዕግሥት ይሠለጥናል። «ኦቲዝምን በአንድ ወር አጠፋለሁ» ብሎ የወላጅን የመጨረሻ ጥሪት የሚወስድ ሰው ግን፣ ሐኪም ነኝ ቢል ሼኽ ነኝ ቢል፣ ያው አታላይ ነው።

የጀነት መሰላልስ ነውን?

ይህኛው ንግግር ከፊተኛው ይሻላል። በኀዘን ላይ ላለ ወላጅ ማጽናኛም ነው። በሰብር የተሸከሙት ችግር አጅር እንዳለው፣ ሙእሚንን እሾህ እንኳ ቢወጋው ከወንጀሉ እንደሚታበስለት እናምናለን። ይሁን እንጂ በዚህ ንግግር ውስጥ የተደበቀ አደጋ አለ።

ልጁን ለወላጁ መሰላል ብቻ አድርገን ያየነው እንደሆነ ልጁ ራሱ ይጠፋብናል። መሰላል የሚፈለገው ለመውጫ ነው፤ መሰላል ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ የለም። «ታድላችኋል» ብሎ የሚሄድ እንግዳ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዞ እናቲቱን አያሳርፋትም። እርሷ ሌሊት ሳትተኛ ማደሯን አጅር ነው ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ሲሆን ማጽናኛው ከኃላፊነት መሸሻ ይሆናል። የአንዷ እናት ሰብር ለሰፈሩ ሁሉ ስንፍና ሽፋን መሆን የለበትም።

ቅጣት ነው የሚለውና መሰላል ነው የሚለው ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁለቱም ልጁን ስለ ወላጁ የተጻፈ ደብዳቤ ያደርጉታል፤ አንዱ የቁጣ፣ ሌላው የምሥራች። ልጁ ግን ደብዳቤ አይደለም። እርሱም እንደኛው የአላህ ባሪያ ነው፤ ከጌታው ጋር ያለው ጉዳይም የራሱ ነው።

አማና ነው

ትክክለኛው ቃል አማና ይመስለናል። አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን እንደ ፈለገው አያደርገውም፤ ባለቤቱ ይጠይቀዋልና። አማና የተሰጠው ሰው «ለምን ለእኔ ተሰጠ?» እያለ ዕድሜውን አይጨርስም፤ «እንዴት ልጠብቀው?» ይላል። ለፊተኛው ጥያቄ መልሱ በአላህ ዘንድ ነው፤ እኛ አልተጠየቅንበትም። ለኋለኛው ግን ነገ ቆመን እንጠየቃለን። የዚህ አማና ሐቆች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

አንደኛው ሐቁ መታወቅ ነው። ልጁ በ12 ወሩ በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣቱ የማያመለክት ወይም የጀመረውን ቃል የተወ ከሆነ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያሉ ዓመታት ማሳለፍ አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሕፃናት ሐኪም ወስዶ ማስመርመር፣ ጆሮውንም ማስፈተሽ ያስፈልጋል። በጊዜ የተጀመረ ድጋፍ ከዘገየው ይበልጥ ይጠቅማል። በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ቦታ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተዋል፤ በአማርኛ ፊደል ድምፅ ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ» የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም ቀይሰዋል። ከዚያ ወዲህ ነህምያ የተባለው ማዕከል ተከትሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠናም በኢትዮጵያ ተሞክሯል። እነዚህ ሁሉ ከፍላጎቱ ጋር ሲተያዩ ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም አንዲት እናት ከተነሳች ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያሉ።

ሁለተኛው ሐቁ መልካም ንግግር ነው። በሱረቱ-ን-ኒሳእ መጀመሪያ ገደማ፣ ገንዘባቸውን በራሳቸው ማስተዳደር ስለማይችሉ ሰዎች ሲነገር፣ ከገንዘቡ እንዲመገቡና እንዲለብሱ ከታዘዘ በኋላ መልካም ንግግር እንድንናገራቸው ተጨምሮ ታዟል። ልብ በሉ! ምግብና ልብስ አልበቃም። የማይመልስልህን ሰው እንኳ በመልካም ቃል አናግረው ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ልጁ ስለማይናገር አይሰማም ብለን እፊቱ ቆመን «ምስኪን፣ ይህ ምን ይሆናል?» እንላለን። የማይናገር ሁሉ የማይሰማ አይደለም።

ለልጁ የምንናገረው አጭርና ግልጽ ይሁን። «ዝናብ እየመጣ ስለሆነ ጫማህን ብታደርግ ይሻላል» ከማለት ጫማውን እያሳዩ «ጫማ» ማለት ይበልጥ ይገባዋል። ቃል ከጠፋው በሥዕል ይነገረዋል፤ የውኃ ሥዕል ሲያሳየን ውኃ እንሰጠዋለን። ሲጮህና ራሱን መሬት ሲጥል ከመቆጣታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግ። ድምፅ ይሆን? ረኃብ? የተለወጠ ነገር? ብልግና አይደለም፤ የሞላ እንስራ መፍሰሱ ነው። በዚያ ሰዓት ዱላ አይረዳውም፤ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ዝቅ ያለ ድምፅና ጊዜ ግን ይረዱታል።

በረመዳንና በዒድ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለእኛ በረካ የሆነው ወር ለእርሱ የምግብ ሰዓት የተዛባበት፣ ሌሊቱ ቀን የሆነበት ወር ነው። የእርሱን ምሳ በወትሮው ሰዓት መስጠት፣ ዒድ ከመድረሱ በፊት አዲሱን ልብስ ደጋግሞ እያሳዩ ማለማመድ፣ ካልተመቸውም ታጥቦ የለሰለሰውን አሮጌ ልብስ ማልበስ ምን ይጎዳል? ዘመድ ሁሉ ካልሳምኩት ብሎ አይታገለው። እርሱ ለዒዳችሁ የሚከፍለውን ዋጋ እናንተ አታውቁትም።

መስጂዱስ የማን ነው?

ሦስተኛው ሐቁ የጀማዓው ነው። አንድ አባት ልጁን ይዞ ለጁሙዓ ይመጣል። ልጁ በኹጥባ መካከል ድምፅ ያወጣል፣ ይወዛወዛል፣ ጆሮውን ይይዛል። ሃያ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፤ አንዱ «ልጅህን አስተምር!» ይላል። አባትየው በሚቀጥለው ጁሙዓ ልጁን ቤት ትቶ ይመጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ራሱ ይቀራል።

ይህን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ጋር እናስተያየው። እርሳቸው በሶላት ላይ ሳሉ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቲቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። ባላገሩ ሰው በመስጂዳቸው ውስጥ ሽንቱን ሲሸና ሰሓባዎች ሊነሱበት ሲሉ ከለከሏቸው፤ እስኪጨርስ ጠብቀው በላዩ ውኃ እንዲፈስበት አዘዙ፤ ሰውየውንም በለሰለሰ ቃል አስተማሩት። አነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ደግሞ በአእምሮዋ ላይ አንድ ነገር የነበረባት ሴት ጉዳይ አለኝ ብላቸው፣ የመረጠችውን መንገድ እንድትነግራቸው ጠየቋት፤ ጉዳይዋን እስክትጨርስም አብረዋት ቆሙ። ሰዓቱ የተጣበበ የኡማው መሪ ጆሮውን ሰጣት፤ ቦታውን እንድትመርጥ የተደረገችውም እርሷ ናት።

እርግጥ ነው፣ ሰጋጁም የመረጋጋት ሐቅ አለው። ልጁ ለራሱም ለሌላውም ከበደ ቢሆን ወደ ኋላ ረድፍ ወይም ወደ ደጅ ማውጣት ነውር የለውም። መስጂዶቻችን አንዲት ጸጥ ያለች ጥግ ቢያዘጋጁ፣ ኢማሙም አንድ ጁሙዓ ስለዚህ ጉዳይ ቢናገሩ ብዙ ቤተሰብ ወደ ጀማዓው ይመለሳል። ደግሞም አስተውሉ፤ ሶላት ሁልጊዜ በአንድ ሥርዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል የሚሠራ ዒባዳ ነው። ለውጥን ለሚፈራ አእምሮ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የት ይገኛል? ዉዱእን በሥዕል ቅደም ተከተል፣ ሩኩዕና ሱጁድን በማሳየት የሚማር ልጅ አለ።

ስለ ተጠያቂነቱም በደፈናው መፍረድ አይገባም። የሸሪዓ ኃላፊነት በአቅል ላይ የተመሠረተ ነው፤ አቅል የሌለው አይጠየቅም። ኦቲዝም ያለበት ሁሉ ግን አቅል የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ብዙዎቹ ሐላልና ሐራምን አጥርተው ያውቃሉ፤ እንዲያውም መዋሸትና ማስመሰል የሚቸግራቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ የልጁን ሁኔታ በዝርዝር ለዐሊም አቅርቦ መጠየቅ ነው።

ቤተሰቡና ነገ

አራተኛው ሐቅ የተንከባካቢዎቹ ነው። በብዙ ቤት ሸክሙ በእናት ላይ ብቻ ይወድቃል። አባትየው ለሥራ ይወጣል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይሄዳል። ልጁ የሁለቱ አማና እንደሆነ ባል ይወቅ። ዘመድም በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጁን ይዞ እናቲቱን ቢያስተኛት ከመቶ የምክር ቃል ይበልጣል። ጤነኞቹ ወንድምና እህቶችም የወላጅ ዓይን ይገባቸዋል፤ ሁልጊዜ «አንተ ትልቅ ነህ፣ ቻለው» እየተባሉ ልጅነታቸው ማለፍ የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ በልቡ ይዞ የማያወጣው ፍርሃት አለ። «ሰው ካወቀ ለእህቶቹ ባል ይጠፋል» የሚል ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለውም ተናግረናል። ነገር ግን ልጅን በጓዳ መደበቅ ውርስን አይለውጥም፤ አንዱን ሕያው ነፍስ መቅበር ብቻ ነው። ለትዳር የመጣውን ሰው እውነቱን መንገር ይሻላል። ወንድሟን አይቶ የሸሸ ሰው ነገ የራሱ ልጅ እንዲህ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ነግሯችኋል ማለት ነው።

የመጨረሻው ሐቅ ከእኛ በኋላ ያለው ነው። እናቶችን ሌሊት የሚያስነሳቸው ጥያቄ «እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል?» የሚለው ነው። መልሱን ለቀብር ቀን ማቆየት አይገባም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሸሪዓ ድርሻው ሙሉ ነው፤ ወንድሞቹ «ምን ያደርግለታል?» ብለው ሊካፈሉበት አይችሉም። ወላጆች በሕይወት ሳሉ ሞግዚት ይምረጡ፤ ከተመረጠው ሰው ጋር በግልጽ ይነጋገሩ፤ በምስክር ፊት ይጻፉት። ልጁ የሚወደውን ምግብ፣ የሚያስፈራውን ድምፅ፣ የሚያረጋጋውን ነገር ጭምር በወረቀት ያስቀምጡ። እንደ ነገሩ ሁኔታም ዐሊሞችንና የሸሪዓ ፍርድ ቤትን ያማክሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሚችለው መጠን ራሱን እንዲችል ያሠልጥኑት፤ ልብሱን መልበስ፣ ሻይ ማፍላት፣ ከሱቅ ዳቦ መግዛት ቢለምድ ከብዙ ውርስ ይበልጥበታል።

ሰብር ማለት

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር «ቀደር ነው፣ ሰብር ነው እንጂ ምን ይደረጋል?» የሚል አይጠፋም። ቀደር መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ለፈለገው ሰው የሰጡትን መልስ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጀመሪያ እሰራት፣ ከዚያ ተወከል ነው ያሉት። ሰብር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አንድን ማንኪያ አያያዝ ለማስተማር ስድስት ወር መልፋት ሰብር ነው። ሰው ሲያይ ልጅን ይዞ ቀና ብሎ መሄድ ሰብር ነው።

መልካም የምንሠራላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ይመልሱልናል፤ ያመሰግኑናል፣ ይስቁልናል። ኦቲዝም ያለበት ሰው ምስጋናውን በምናውቀው መንገድ ላይናገር ይችላል። አንዳንዱ ፍቅሩን አጠገብህ ዝም ብሎ በመቀመጥ፣ አንዳንዱም የሚወዳትን ክዳን በእጅህ ላይ በማስቀመጥ ይገልጻል። ያንን ቋንቋ መማር የእኛ ፈንታ ነው። እርሱ የኛን ቋንቋ ለመማር ዕድሜውን ሙሉ ሲለፋ እኛ የእርሱን ጥቂት ቃል ብንማር ምን ይከብደናል?

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ በሰፈራችሁ በሩ ሁልጊዜ የተዘጋ ቤት ካለ እስቲ አንኳኩ። «ምን ሆኖ ነው?» አትበሉ። ልጁን በስሙ ሰላም በሉት፤ ባይመልስም ሰላምታችሁ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ከዚያም እናቲቱን «እኔ ልቀመጥ፤ አንቺ ሰዓቱ ሳያልፍ ስገጂ» በሏት።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ ለደከሙት ወላጆች ብርታት፣ ለልጆቻቸውም ከእነርሱ በኋላ የሚያዝን ልብ ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።